በሬው ውሃ ውስጥ ሳለ የዘጋሁት መጽሐፍ

የጡረታ ወረቀቴ ላይ የሥራ መደቤ «ዘበኛ» ይላል። ጽሕፈት ቤት ያለችው ልጅ አንብባ ስትሰጠኝ ቀና ብላ አየችኝና «አባባ፣ ምን ነበር የሚጠብቁት?» አለችኝ።

«መጻሕፍት» አልኋት።

«ከማን?»

ሳቅሁና ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን ጥያቄዋ አብሮኝ ሄደ። ከምስጥ ጠብቄያቸዋለሁ፣ ከአይጥ ጠብቄያቸዋለሁ፣ ከፎገራ ጎርፍም ጠብቄያቸዋለሁ። ከሰው ግን አንድም ቀን አልጠበቅኋቸውም። እንዲያውም ሥራዬ ሰው መሐል መልቀቅ ነበር። ይህን የምጽፈው «ዘበኛ» የሚለውን ቃል ለመፋቅ አይደለም፤ በእሱ ስም ደመወዝ በልቻለሁ። በዚያ ሥራ ያየሁት ደስታም፣ ያጠፋሁት አንድ ከባድ ጥፋትም ሳይነገር እንዳይቀር ነው።

እኔ ከዳዊት ያለፈ ትምህርት የለኝም። ዳዊት ደግሜ እንደ ጨረስሁ አባቴ ለእርሻ ፈለገኝና በዚያው ቀረሁ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ መጀመሪያ ወረታ ላይ፣ ከመኪና መንገዱ ዳር፣ በአንድ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የንባብ ቤት ሲከፈት ጠራጊም ጠባቂም ሆኜ ተቀጠርሁ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በአንዱ አለቃዬ ይቀመጣል፤ በሌላው ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ መደርደሪያ አለ። መደርደሪያው ባዶ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ባዶ መደርደሪያ ጠበቅሁ።

አንድ የገበያ ቀን የጭነት መኪና ትልቅ ሣጥን አውርዶልን ሄደ። ምስማሩን ነቅዬ ክዳኑን ሳነሣ የወጣውን ሽታ ዛሬም ከሌላ ሽታ እለየዋለሁ፤ ሙጫ ነው፣ ቀለም ነው፣ አዲስ ወረቀት ነው። የብዙዎቹ ገጾች ገና እንደ ተጣጠፉ ስለ ነበሩ ጫፋቸው ካልተቆረጠ አይገለጡም። አለቃዬ ምላጭ ሰጠኝና «አለልኝ፣ እየቆረጥህ ደርድር» አለኝ።

መቁረጡን ቆረጥሁ። መደርደሩ ግን አልሆነልኝም፤ በቆረጥሁት ገጽ ሁሉ አንድ ነገር ዓይኔን ይይዘው ጀመር። በአንዱ ገጽ አንዲት ሴት በመስኮት መንገድ መንገዱን ታያለች፤ ማንን እንደምትጠብቅ ለማወቅ ሌላ መቁረጥ ነበረብኝ። በሌላው ንብ ቀፎ ውስጥ ስትሠራ የምትውለው ሥራ በየተራ ተጽፏል። በሦስተኛው ደግሞ አያቶቼ ሲያወሩት የሰማሁት የጥንት ታሪክ አዲስ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል፤ ስሙ ያው ነው፣ ሰዎቹ ግን እንደ ጎረቤቶቼ ይነጋገራሉ። ቆሜ ዋልሁ። ምሳ መብላቴን ረሳሁ። እስከዚያ ቀን መጽሐፍ ማለት የሚጸለይበት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሰው ሊስቅበት፣ ሊናደድበት፣ ከጸሐፊው ጋር ሊከራከርበት እንደሚችል ያወቅሁት እዚያ ሣጥን ላይ ጎንበስ ብዬ ነው።

መደርደሪያው ሞላ፤ ሰው ግን አልመጣም። ይመጡ የነበሩት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ መሪጌታ ውበቱ። ዕድሜያቸውን ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው በስተርጅና ዓይናቸው የጠፋ ሽማግሌ ናቸው። በመቋሚያቸው መንገዱን እየዳሰሱ መጡና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«ምን ላድርግልዎ መሪጌታ? እዚህ ያለው መጽሐፍ ብቻ ነው» አልኋቸው።

«እኔስ ገብስ ልገዛ የመጣሁ መሰለህ? አንብብልኝ እንጂ።»

አንድ ገጽ፣ ዳዊት እንደምደግመው አድርጌ፣ በአንድ ትንፋሽ አወረድሁላቸው። ስጨርስ «ከማን እየሸሸህ ነው?» አሉኝ። ትምህርቴ የጀመረው ያን ዕለት ነው።

መሪጌታ መጽሐፍ ከመስማታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። «የማነበው እኔ፣ የሚታጠቡት እርስዎ?» ስላቸው «እንግዳ ቤትህ ሲገባ በቆሸሸ እጅ ትቀበላለህ?» ይሉኛል። ከዚያ መጽሐፉን ተቀብለው ያሸቱታል፤ በመዳፋቸው ይመዝኑታል፤ ጀርባውን በጣታቸው ይዳስሱታል። ቀጥለው ሁልጊዜ ያችኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ «የሆነ ነው፣ የተፈጠረ ነው፣ ወይስ አሮጌው እንደገና የተጻፈ?»

ለእሳቸው መጽሐፍ ሦስት ዘር ነበር። የሆነውን፣ ማለት የንቡን፣ የበሽታውን፣ የሩቅ አገሩን ነገር ሳነብ በየመስመሩ ያስቆሙኛል፤ «ይህን ማን አየው?» ይላሉ። ልብ ወለዱን ሳነብ ከቶ አያስቆሙኝም፤ ሲያልቅ ብቻ «እሺ፣ ልጅቱ ጥፋቷ ምን ላይ ነው?» ብለው ክርክር ያነሣሉ፤ ክርክሩ ምሳ ሰዓትን ያልፋል። የጥንቱ ታሪክ በአዲስ ብዕር ሲመጣ ደግሞ አሮጌውንም አስፈልገው ሁለቱን ጎን ለጎን ያስይዙኛል። «አዲሱ ጸሐፊ ምን ጣለ? ምን ጨመረ? የጣለውን ለምን ጣለው?» ያ ጨዋታ እንዴት እንደሚጥም መናገር አልችልም። አንዱን ቤት በፊት በርም በጓሮ በርም እንደ መግባት ነው።

ሙያውን በሙሉ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። ሰው ፊት የማነበውን ሁሉ መጀመሪያ ሦስት ጊዜ አነበዋለሁ፤ አንዴ ለራሴ በዝምታ፣ አንዴ ለግድግዳው በድምፅ፣ አንዴ ለእሳቸው። ትንፋሽ የምወስድበት ቦታ ላይ በእርሳስ ነጥብ አደርጋለሁ። ሴት ስትናገር ድምፄን አላቀጥንም፤ አንድ ቀን ሞክሬ «ያለችውን በል እንጂ እሷን አትሁን» ብለውኛል። የመጨረሻው ሕጋቸው አዘጋጉ ላይ ነበር፦ «ሰዎቹ በጣም በፈለጉት ቦታ ላይ ዝጋ። ለሚቀጥለው በዓል ማንም ሳይጠራቸው ይመጣሉ።»

ወደ ገጠሩ የሰደዱኝም እሳቸው ናቸው። «ፎገራ ላይ በዓል ብዙ ነው፤ በሬ አይጠመድም። ሰው ቅዳሴ ወጥቶ ጥላ ሥር ይቀመጣል። እዚህ ቁጭ ብለህ ምን ትሠራለህ?» አሉኝ። መጻሕፍቱን እንደ ዳዊት በቆዳ ማኅደር ከትቼ ወጣሁ። በክረምት ሜዳው ውሃ ሲሆን ማኅደሩን በአናቴ ተሸክሜ ደረቴ ድረስ እየገባሁ እሻገር ነበር። ቁሐር ሚካኤል ከሚባለው ደብር ስደርስ ሰዎቹ ከእኔ በፊት ማኅደሩን ተቀብለው «ረጠበ? አልረጠበም?» ይላሉ። እኔ እየተንጠባጠብሁ እቆማለሁ።

እንዴት ያሉ አድማጮች ነበሩ መሰላችሁ። ከሩቅ አገር የተተረጎመ ታሪክ ሳነብላቸው፣ ምድሩ በሙሉ በረዶ በረዶ ሆነ የሚል ቦታ ላይ ስደርስ ሁሉም በድንጋጤ ተነፈሰ። በታሪኩ ባልና ሚስት ሊለያዩ ነው፤ እነሱ ግን «ሰብሉ ገብቶ ነበር?» ይሉኛል። ምድር ትዞራለች የሚለውን ሳነብ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ቄስ ብድግ አሉ። «ከዞረችማ ጣና ለምን አይፈስም?» ከመጽሐፉ መልሱን ፈልጌ ለማግኘት ሁለት በዓል ፈጀብኝ። ሳነብላቸው አዳምጠው «እሺ፣ ትዙር፤ ቀስ ብላ ትዙር» ብለው ተቀመጡ።

አንድ ዓመት ለእርዳታ ወደ አንበሳሜ ተልኬ ነበር። እዚያ ያነበብሁት ልብ ወለድ መጨረሻው ላይ አንዲት ደግ ልጅ ትሞታለች። ያን አንብቤ ከጨረስሁ ከሳምንታት በኋላ እቴ ጥሩወርቅ የሚባሉ ሴትዮ አንድ ሌማት ዳቦና አንድ እንስራ ጠላ አሸክመው መጡ።

«ምንድን ነው እቴ?» አልኋቸው።

«የልጅቱ አርባ ነዋ።»

«እቴ፣ ልጅቱ እኮ የተፈጠረች ናት፤ በእውነት አልነበረችም።»

«አውቃለሁ» አሉኝ። «አልነበረችማ ዘመድ የላትም ማለት ነው። ማን ያውጣላት?»

የሰማው ሁሉ በላ፣ ጠጣ፣ ነፍስ ይማር አለ። እኔም በላሁ። ለአለቃዬ የወር ሪፖርት ስጽፍ ግን ይህን በየትኛው መስመር እንደማስገባው አጣሁና ተውሁት።

አለቆቼ ሦስት ነበሩ። የመጀመሪያው ብዙ አልቆየም። ሁለተኛው ልብ ወለድ ወዳድ ስለ ነበር መሳቢያው ውስጥ ደብቆ ያነብና ስገባ ደብዳቤ የሚጽፍ ይመስላል። ሦስተኛው ቁም ነገረኛ ሰው ነው። «ለገበሬ የሚጠቅመውን አንብብ፤ የከብት በሽታ፣ የአዝመራ ነገር» ይለኛል። ትእዛዙን ተቀብዬ በአንድ ዓመት፣ ከመስከረም ጀምሮ፣ ቁሐር ሚካኤል ላይ ሁለት በዓል ሙሉ ስለ ከብት በሽታ አነበብሁ። ሰዎቹ አጥብቀው ሰሙ። በጥቅምት ሚካኤል ግን ሌላ መጽሐፍ ይዤ ሄድሁ። ጥፋቴ ይህ ነው።

መጽሐፉ አሮጌ ታሪክ እንደገና የተጻፈ ነው። አንድ ገበሬ በሬው ሆዱ ይነፋበታል። የሚፈውሰው መነኩሴ ያለው በአንድ ሐይቅ መሐል ደሴት ላይ ነው፤ በሬ የሚችል ታንኳ ደግሞ የለም። ገበሬው ገመድ እጁ ላይ ጠምጥሞ በሬውን እየነዳ ውሃ ውስጥ ይገባል። በአሮጌው መልአክ ወርዶ በሬውን በቀንዱ ይዞ ያሻግረዋል። አዲሱ ጸሐፊ መልአኩን አውጥቶታል። በመልአኩ ቦታ ውሃውን፣ ቅዝቃዜውን፣ የተወጠረው ሆድ እንዴት ቀስ በቀስ እንደሚላላ፣ የበሬው ትንፋሽ እንዴት እንደሚመለስ ጽፎ አስቀምጦታል። ለግድግዳው ሳነበው እግሬ ይቀዘቅዘኝ ነበር። ይህን ለሰው ለማሰማት እንደዚያ የቸኮልሁበት ጊዜ የለም።

ቸኩዬም የትኛው ዘር እንደ ሆነ ሳልናገር ጀመርሁ፤ ለእነሱ ያው የከብት በሽታው መጽሐፍ ነው። መልአክ እንደ ነበረበትም አልተናገርሁም። የበሬው ሆድ የላላበት፣ ትንፋሹ የተመለሰበት ቦታ ስደርስ ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያየኛል። በጣም የፈለጉት ቦታ ይህ ነው ብዬ ለምልክት የምይዛትን ገለባ ገጹ መሐል አኑሬ ዘጋሁ።

ከፊት ከተቀመጡት አንዱ አያ ንጋቱ ነበሩ። ጉልበታቸውን አቅፈው ቃል ሳይናገሩ የሚያዳምጡ ረጅም ሰው ናቸው። ጥንድ በሬ ነበራቸው።

ከሳምንት በኋላ አንድ የቁሐር ሰው ለገበያ ወረታ መጣና የንባብ ቤቱ በር ላይ ቆመ። «ንጋቱ የመጽሐፍህን መድኃኒት ሞከረ» አለኝ።

«የምን መድኃኒት?»

«በሬው ቦቃ ሆዱ ተነፋ። አዲስ በበቀለ ሣር ላይ ውሎ ነው። ንጋቱ ገመድ እጁ ላይ ጠምጥሞ ወንዝ ውስጥ ይዞት ገባ። ወንዙ ገና አልጎደለም። በሬውን ውሃው ወሰደው፤ ንጋቱን እኛ ጎትተን አወጣነው።»

አለቃዬ ይህን ሲሰማ ልብ ወለዱንም እንደገና የተጻፈውንም ሁሉ ወደ ሣጥን መልሼ እንድቸነክር አዘዘኝ። «የቁሐር ሰው ራሱ አምጣ ካላለ በቀር ይህ ሣጥን አይከፈትም» አለ። ምስማሩን እየመታሁ የማስበው አያ ንጋቱን ብቻ ነበር፤ ከእንግዲህ ድምፄን ሊሰሙ እንዴት ይፈቅዳሉ? እሳቸው ካልፈቀዱ ቁሐር አይፈቅድም፤ ቁሐር ካልፈቀደ መጻሕፍቱ እዚያው ይቀበራሉ። ያችን የበሬውን መጽሐፍ ብቻ አውጥቼ ማኅደሬ ውስጥ ከተትሁ።

ለመሪጌታ ነገርኋቸው።

«የት ላይ ዘጋህ?» አሉኝ።

«ሆዱ ሲላላ ላይ።»

«ቀጥሎ ያለው ገጽ ምን ይላል?»

«በሬው ይሰጥማል።»

መቋሚያቸውን በእጃቸው ፈለጉ። «ያን ሕግ የሰጠሁህ እኔ ነኝ» አሉ። «ተነሥ፤ ምራኝ።»

የአያ ንጋቱ ቤት ስንደርስ ፀሐይ ገና አናት ላይ አልደረሰችም ነበር። ባለቤታቸው እቴ ዘውዴ በር ላይ እህል ያበጥራሉ። አይተውን ሰፌዱን አላስቀመጡም።

«ንጋቱ፣ መድኃኒተኞቹ መጥተዋል» አሉ። «ዛሬ ደግሞ ለላሟ ምን ይዛችሁ መጣችሁ?»

አያ ንጋቱ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። አጠገባቸው አንድ ጎረቤት አለ፤ ሁለቱም አንድ አንድ በሬ ስለ ቀራቸው ለሽምብራው እርሻ አቀናጅተው ሊያርሱ ይነጋገራሉ። ለመሪጌታ ተነሥተው ቦታ ለቀቁ። እኔን አላዩኝም።

«አያ ንጋቱ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት» አልሁ። «ያነበብሁት የከብት መድኃኒት አልነበረም። ታሪክ ነው። ሳልነግርዎ ጀመርሁ።»

«በመጽሐፉ ያለው በሬስ?» አሉኝ። «ዳነ?»

ማኅደሬን ወደ ብብቴ ሳብሁ።

«ንገረኝ እንጂ አለልኝ።»

«ይሰጥማል።»

«የት ላይ?»

«እኔ ከዘጋሁበት በሚቀጥለው ገጽ።»

እቴ ዘውዴ ሰፌዱን አስቀመጡ። «አንድ ገጽ?»

«አንድ ገጽ።»

«አንድ ገጽ ለማንበብ ምን ያህል ይፈጃል?»

«አንድ ጣሳ ጠላ እስኪጠጣ አይፈጅም።»

 መሪጌታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ አኖሩና «እዚያ ቦታ ላይ ዝጋ ያልሁት እኔ ነኝ። ለንባብ የሚያምር ሕግ መስሎኝ ነበር። ፍረዱብን» አሉ።

አያ ንጋቱ ወደ ማኅደሬ አዩ። «መጽሐፉን ይዘኸዋል?» አሉኝ።

«ይዤዋለሁ።»

«አንብብ።»

«ንጋቱ፣ ጤና የለህም?» አሉ እቴ ዘውዴ።

«በሬዬን ወስዷል። መጨረሻውንም ልተውለት?»

አወጣሁ።  መጀመሪያ መናገር የነበረብኝን ተናገርሁ፦ «ይህ የሆነ ነገር አይደለም። አሮጌ ታሪክ እንደገና የተጻፈ ነው። በአሮጌው በሬውን የሚያሻግረው መልአክ ነው፤ አዲሱ ጸሐፊ መልአኩን አስቀርቶታል።»

«አስቀረው?» አሉ አያ ንጋቱ። «እንግዲያው ብርቱ ሰው ነው። ቀጥል።»

ቀጠልሁ። በሬው ይደክማል፤ ራሱ ይጠልቃል፤ ሰውየው ስሙን እየጠራ ይጎትታል። እዚያ ላይ መሪጌታ ክንዴን ያዙኝ። ሰውየው ደሴቱ ዳር ተገፍቶ ይወጣል። እጁን ያያል፤ ባዶው ገመድ አሁንም ተጠምጥሟል።

«ገመዱን አልጣለውም?» አሉ አያ ንጋቱ።

«አልጣለውም።»

«እኔም አልጣልሁትም» አሉ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። «ማን ነገረው?»

ይህን ጥያቄ ስለ ማንም ጸሐፊ ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም። ቀና ስል አጥሩ ዳር ጎረቤት ሁሉ ቆሟል። አንዱ «አለቃው ከእንግዲህ እንዳያነብ ከልክሎታል አሉ» አለ።

«የሞተው በሬ የእኔ ነው» አሉ አያ ንጋቱ። «የምከለክልም ብሆን እኔ ነኝ። ነገ ወረታ ወርጄ ይምጣልን እለዋለሁ።»

ደስታው አናቴ ላይ ወጣ። ሰዎቹ አጥሩን አልፈው ገብተው መሬት ላይ ተቀመጡ። እኔም ማንበቤን ቀጠልሁ፤ መነኩሴው ከዋሻው ወጥቶ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየውና ሊናገር አፉን ከፈተ። ሁሉም አንገቱን አሰገገ። እጄ የለመደውን አደረገ፤ ገለባውን ገጹ መሐል አኑሬ ልዘጋ ስል እቴ ዘውዴ መጽሐፉ ላይ መዳፋቸውን አሳረፉ።

«ወዴት?» አሉኝ። «ሰውየው ገና እርጥብ ነው። እስኪደርቅ አንብብ።»

አነበብሁ።